የተሻረው ሹም

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሾሞት ነበር። ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዘው ግድ ይላት ነበር። አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሹመቱን ሻረውና ቤተሰቡን የመምራት መብት ለሁለቱም እኩል ሰጠ።

ሹም ሽሩ ግን ሁሉም ቤት አልተነበበም። ጋሼ ዛሬም ሳሎን ተቀምጠው፣ በተለይ እንግዳ ሲኖር፣ «እዚህ ቤት እኔ ሳልፈቅድ የሚሆን ነገር የለም» ይላሉ። እትዬ ቡናውን እየቀዱ ዝም ነው። የቤት ኪራዩ መቼ እንደጨመረ፣ እቁቡ ለማን እንደደረሰ፣ የዘንድሮ በርበሬ በስንት እንደተገዛ የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ መከራከር አያስፈልጋቸውም።

ታዲያ ጋሼ በእኩልነት የማያምኑ እንዳይመስላችሁ። ጓደኛቸው ብድር ሊጠይቅ የመጣ ዕለት ከእሳቸው በላይ ለሴቶች መብት የቆመ አይገኝም። «እኔማ ምን ገዶኝ! ግን ባለቤቴን ሳላማክር እንዴት አድርጌ? ዘመኑ የመመካከር ነው እኮ!»

እትዬም ቢሆኑ የድሮውን ሕግ ጨርሰው አልጣሉትም። ጎረቤት ትልቁን ብረት ድስት ለድግስ ልትዋስ ስትመጣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ «ውይ እህቴ፣ እኔስ ደስ ባለኝ፤ እሳቸው ናቸው የማይወዱት» ይላሉ። ጋሼ ድስቱ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቁም።

እንግዲህ ከባለትዳር ቤት የምትበደሩት ነገር ካላችሁ፣ ሁለቱም ባሉበት ሰዓት ሂዱ።