ስሙ ያልተነገረን ላቬንደር

ደከመን። ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ የምንኖር፣ ከመስኮታችን ሥር ባለችው ቁራሽ መሬት ላቬንደር ለማሳደግ የምንታገል ሰዎች ደከመን። በግንቦት እንተክላለን፣ በሰኔ ያምርብናል፣ በነሐሴ ሥሩ የበሰበሰ ግንድ እንነቅላለን። ሲበጋ ደግሞ እንደገና እንገዛለን።

አፈሩን ተዉት። የሰፈርንበት የአቃቂ ሜዳ የጤፍና የሽምብራ አገር፣ ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት አብጦ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ሽምብራውን የሚዘራው ዝናቡ ሲያባራ፣ በቀረው እርጥበት ነው። ላቬንደር የሜዲትራኒያን አካባቢ ተክል ነው፤ በጋው ደረቅ፣ መሬቱ ድንጋያማ በሆነበት ነው የለመደው። መረሬ ውስጥ ቆሞ ሐምሌንና ነሐሴን እንዲያልፍ መጠበቅ እሱንም መበደል ነው። በዚህ ላይ የብሎኩ አሸንዳ የጣሪያውን ውሃ በሙሉ አትክልታችን ላይ ያወርደዋል። ለኮሚቴ ይነገራል፤ ክረምቱ ያልፋል፤ አሸንዳው እዚያው ነው።

ደግሞ የሚያንገበግበው፣ ላቬንደር ለኛ ሰፈር የሚሆን ተክል መሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው፣ ሥር ከሰደደ በኋላ ጥቂት ውሃ ከሚበቃው ተክል የተሻለ ምን አለ? መደቡን ከፍ አድርጎ ጠጠርና አሸዋ ማብዛት፣ ፍግ መቀነስ፣ ወይም ሥሩ በተበሳ ፖት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህን ማንም ይችለዋል።

መላ ያጣንለት ግዢው ነው። መንገድ ዳር ቆመን «ይሄ የትኛው ዓይነት ነው?» ስንል፣ «እናቴ፣ ላቬንደር ነዋ! በደንብ ውሃ ያጠጡት» እንባላለን። ላቬንደር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እንግሊዛዊ የሚባለው፣ እነ ሂድኮትና መንስቴድ የሚመደቡበት፣ ቅጠለ ቀጭኑ፣ ብርድ የለመደ ስለሆነ ቅዝቃዜ ሲያንሰው አበባው ይሳሳል። ዴንታታ የሚባለው፣ የቅጠሉ ዳር እንደ መጋዝ የተቆራረጠው፣ ለብ ያለ አየር ተስማምቶት ብዙ ወራት ያብባል። ላቫንዲን የተባለው ድቅል ይገዝፋል፤ አንድ ሜትር ያህል ቦታ ይይዛል። መካን ስለሆነ የሚራባው በቁራጭ ብቻ ነው። ሂድኮትም ቢሆን ከዘር ከተፈላ እናቱን ላይመስል ይችላል። ታዲያ ስሙ ሳይነገረን ስንት ክንድ አራርቀን እንትከል? እንዴት እንንከባከበው? አጭር አጥር ይሆነናል ብለን በመደዳ የተከልነው አንዱ ጉልበት፣ ሌላው ወገብ ደርሶ ሲዘባረቅ ማንን እንጠይቅ?

መግረዙንም የሚነግረን የለም። አበባው ሲያልፍ ለምለሙን ብቻ መከርከም ሲገባ፣ እንደ ጽጌረዳ እስከ እንጨቱ ድረስ እንቆርጠዋለን። ላቬንደር ደግሞ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት ላይ ብዙውን ጊዜ አያቆጠቁጥም። ከክረምቱ የተረፈውን በገዛ መቀሳችን እንጨርሰዋለን።

ችግኝ የምታፈሉ ወንድሞችና እህቶች፣ የምንለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ከፕላስቲኩ ላይ ዝርያውን ጻፉልን፤ ከዘር ይሁን ከቁራጭ ንገሩን፤ «ውሃ አታብዙ» በሉን። ዋጋው ቢጨምርም እንከፍላለን። ምን እንደተከልን ሳናውቅ በየዓመቱ መልሶ መትከሉ በቃን።