ድፍረቴ ከሰፈሬ አይወጣም

ውሻ የነከሰኝ በስምንት ዓመቴ፣ ከወፍጮ ቤት ስመለስ ነው። ዱቄቱ መንገድ ላይ ቀረ፤ ጠባሳው ባቴ ላይ። ከዚያ ወዲህ ውሻ ሲጮህ ከሰማሁ መንገድ ስቀይር ኖሬአለሁ።

አምና ግን ዳንኩ አልኩ። አዲስ አበባ የጎረቤታችንን ውሻ፣ ቡቺን፣ በአጥንት ወዳጅ አደረግሁት። በአጥር ላይ ስወረውርለት ከርሜ፣ በሦስተኛው ወር ከእጄ በላ። ጀግንነቴን ሰው እስኪያወራልኝ አላስቻለኝም፤ ራሴ ቤት ለቤት ዞሬ ነገርኩ።

ለጥምቀት ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ነጭ በነጭ ለብሼ ሲመሻሽ ጓሮ ብወጣ፣ አጥሩ ላይ አንድ ጥቁር ጠጉራም ነገር ተነቃነቀ። ከዚያ ራሴን ያገኘሁት ከነነጠላዬ እጣቢ በሚፈስበት ቦይ ውስጥ ነው። አክስቴ ባትሪ ይዛ ደረሰች። «አጎዛ እኮ ነው፣ ልጄ! እንዲናፈስ ሰቅዬው ነው። ከታረደ አራት ዓመቱ!»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይሄ ነው። ጆሴፍ ሌዱ የተባለው አሜሪካዊ የነርቭ ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጫካ ውስጥ እባብ ይሁን እንጨት ሳይለይ ስለሚደነግጥ መንገደኛ ያነሳል። እንደ እሱ አገላለጽ፣ ያየነው ነገር አንጎል ውስጥ በሁለት መንገድ ይጓዛል። አቋራጩ አሚግዳላ ወደምትባለው የለውዝ ፍሬ መሳይ የፍርሃት ደወል በቀጥታ ይገባል፤ ሌላው በአንጎል ቅርፊት በኩል ዞሮ፣ አጣርቶ ይደርሳል። የእኔው ዟሪ መንገድ «አጎዛ ነው» ሊለኝ ሲመጣ፣ እኔ ቦይ ውስጥ ነኝ።

የቡቺ አጥንትስ የት ገባ? የለመድነው ፍርሃት፣ ለካ አይፋቅም። ሌላ ትምህርት ይደረብበታል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሚላድና ክዋርክ የተባሉ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ያዩት ይህንኑ ነው። አይጦቹ አንድ ድምፅ ሲሰሙ በኤሌክትሪክ እየተነዘሩ መፍራት ለመዱ፤ ቀጥሎ ድምፁ ብቻውን እየተደጋገመ ፍርሃቱ በረደላቸው። በማግስቱ ድምፁን ሲሰሙ፣ ከግንባር በስተኋላ ያሉ ሕዋሳት የበለጠ የነቁላቸው አይጦች ፍርሃታቸው ያነሰ ነበር። እነዚህ ሕዋሳት አሚግዳላን «ተረጋጊ» የሚሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ችግሩ፣ ሽማግሌው ቦታ ይመርጣል፤ ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል «የት ነን?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ደብረ ብርሃን ከሆነ የአዲስ አበባው እርቅ አይሠራም። ፍርሃቴ አገር ለአገር ይዞራል፤ ድፍረቴ ከሰፈሬ አይወጣም።

ከቦዩ በወጣሁ ማግስት ጠዋት አጥንት ይዤ፣ ያን ሁሉ ግርግር በር ላይ ተኝቶ ወዳሳለፈው ወደ አክስቴ ውሻ ሄድኩ። እርቁን እንደገና ከአንድ መጀመሬ ነው። አክስቴ ከማጀት ሆና አየችኝና፣ «ለአጎዛውስ አልሰጠኸውም?» አለችኝ።