ስብከቱ ታየ እንጂ ማን ሰማው?

የየአጥቢያው ሚዲያ ክፍል ምስጋና ይገባዋል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ምዕመኑን ቤት ባዋለው ጊዜ በአንድ ስልክና በአንድ ደፋር ወጣት ማሰራጨት የጀመረው ሁሉ ዛሬ ቻናል አለው፤ አርማ አለው፤ የወርቅ መስቀል የሚሽከረከርበት መግቢያም አለው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድምፅ። ይህ ደግሞ ሰበካ ጉባኤን ለስብሰባ የሚያስቀምጥ ጉዳይ አይደለም።

እርግጥ ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ እምነትን ከመስማት ጋር አያይዞታል። ምን ያድርግ፣ በዘመኑ ድሮን አልነበረም!

አሠራራችን ጥበብ የተሞላበት ነው። ስልኩ በሩ አጠገብ ይተከላል፤ ከዚያ ሆኖ ጉልላቱንም፣ መጋረጃውንም፣ የኮሚቴውን ሊቀ መንበርም ያሳያል። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ከመምህሩ አፍ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ከግድግዳና ከጣሪያ የሚያስተጋባው ግን እንዲያ አይቀንስም። ስለዚህ ስልኩ በቅድሚያ የጣሪያውን ስብከት ይቀዳል፤ ቀጥሎ አጠገቡ የተቀመጡትን እናት ሳል፤ ቦታ ከተረፈ ደግሞ መምህሩን። «ትንሽ ማይክ ደረታቸው ላይ ቢሰካስ?» የሚል የዋህ ከተገኘ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «በጀት የለንም!» እውነት ነው፤ በጀቱ ለድሮኑ ወጥቷል።

የድምፅ ማጉያው ሚክሰር ግን አለ። መውጫውን በተስማሚ ገመድ ከስልኩ ጋር ማገናኘት ይቻል ነበር። ችግሩ፣ ያኔ መምህሩ ጥርት ብለው ይሰማሉ፤ ከተሰሙ ደግሞ ስለ ተናገሩት ነገር የሚጠይቅ ሰው ይመጣል። በዚያ ላይ ከሚክሰሩ ብቻ የተወሰደ ድምፅ የሕዝቡን ተሰጥዎ ስለማያስገባ፣ ወደ ምዕመናኑ የሚዞር ሌላ ማይክ ያስፈልጋል። ሁለት ማይክ! ቅዱስ ያሬድ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ያለ አንድም ማይክ አይደል ያወረሰን? ልዩነቱ እሱ ይሰማ ነበር።

ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራውን እህታችንንም አልረሳናትም። ልብስ ስትተኩስ በጆሮ ማዳመጫ ብትሰማ ደስ ይላታል። የአንድ ሰዓት ስብከት በድምፅ ብቻ፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ቢቀመጥላት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል። እኛ ግን ለክብሯ ስንል በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቪዲዮ እንልክላታለን፤ ሰዓቱ ሲሞላ 1.8 ጊጋባይት። ከደመወዟ ቀንሳ በገዛችው ዳታ የመምህሩን ከንፈር በጥራት ታያለች። «ድምፅ የለውም» ብላ ብትጽፍ ወዲያው ምላሽ ታገኛለች፦ «አሜን በይ፣ ሼር አድርጊ፣ ሰብስክራይብ ማድረግሽን እንዳትረሺ!»

የአገራችን ሰው ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላል። እኛ አንጀቱን ትተን እንባውን በሁለት ካሜራ እየቀረጽን ነው። ድህነታችንም እጅግ ይመቸናል፤ ገመድ ለመግዛት ሲሆን ደሃ ነን፣ መግቢያውን በአዲስ ለማሠራት ሲሆን ግን እግዚአብሔር ያዘጋጃል።

ስለዚህ ለመጪው ዓመት በጀት ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። ለማይሰማ ስብከት መድከም ብክነት ነው። መምህሩ ሌሊቱን ሙሉ መጻሕፍት ማገላበጣቸውን ይተዉና እሑድ እሑድ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ፤ ለትምህርቱ ይከፈላቸው የነበረው አበልም ለሁለተኛ ድሮን ይዋል። ልዩነቱን የሰማ ምዕመን ካለ ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ያመልክት።