ሳሎን የገባው ኩሽና

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ከተሠሩት ቪላዎች ወደ አንዳንዶቹ ሳሎን ስትዘልቁ፣ አንዱ ግድግዳ አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። ፋየር ፕሌስ ነው። ዙሪያው ጥርብ ድንጋይ፣ ከላዩ የሠርግ ፎቶ የሚደረደርበት ጠፍጣፋ፣ ውስጡ ደግሞ… ውስጡን ተዉት። የእኛው ባለፈው ሳምንት ሲፈተሽ አራት ጥንድ ጫማ፣ አንድ ሰባራ ጃንጥላ፣ በፌስታል የታሰረ የመብራት ደረሰኝና በጭስ ማውጫው የወደቀች እርግብ ተገኝተውበታል። እርግቧ በሕይወት አልነበረችም።

ቤቱን በ1964 ዓ.ም. ያሠሩት አባቴ ናቸው። መሐንዲሱ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነበርና “ያለዚህ ቪላ አይባልም” አላቸው፤ እሳቸውም ያልተማሩ እንዳይመስሉ ዝም አሉ። በ1967 የትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ ያለን ይኸው አንድ ቤት ስለነበር ተረፍን። ትርፍ ጉድጓዳችንን የሚወርስልን ግን አልተገኘም።

እማዬ እስከ ዛሬ “ሳሎን ውስጥ ኩሽና ማን ይሠራል?” ትላለች። እውነቷን ነው። ስንት ዘመን ዓይናችን በጭስ ሲጠፋ ኖሮ፣ እንደ ምንም ኩሽናውን ከዋናው ቤት ነጥለን ጓሮ ካደረስን በኋላ፣ ገንዘብ ከፍለን ጭሱን ሳሎን መልሰን ጋበዝነው።

ግብዣውንም አክብሮ መጣ። ልጅ ሳለሁ አንድ የታኅሣሥ ሌሊት ሲነድድ አስታውሳለሁ፤ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ። ባሕር ዛፉ በቅጡ አልደረቀም ነበር። ፊታችን እየተለበለበ ጀርባችን ይንቀጠቀጣል። እሳቱ ለራሱ የሚሻውን አየር ከሳሎኑ እየማገ፣ ለብ ያለውን በጭስ ማውጫው ወደ ላይ ይሸኛል፤ በምትኩ ውርጩ በበርና በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ያን ሌሊት የሰፈራችንን ሰማይ አሞቅን። ራምፎርድ የሚባል ሰው የጭስ ማውጫ ጉሮሮ ጠበብ ካላለ ሙቀቱም ጭሱም እንደማይታዘዝ እ.ኤ.አ. በ1796 ጽፎ ነበር። የእኛ መሐንዲስ ያን ዕለት ከክፍል ቀርቶ ይሆናል።

ዘንድሮ “ምን ይደረግ?” ተብሎ የቤተሰብ ሸንጎ ተቀመጠ። ወንድሜ ይደፈን አለ። ግንበኛ ተጠራ፤ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰዶ ጥላሸት ለብሶ ወጣና፣ ጣሪያው ላይ ካልተከደነ ዝናብ ይገባል፣ ላይና ታቹ ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ ደግሞ ውስጡ ረጥቦ ቀለሙን ይልጠዋል፣ ስለዚህ ትንሽ መተንፈሻ ይተውለት አለ። ለመድፈን ከፍለን ቀዳዳ ልንገዛ ነው ማለት ነው። ባለቤቴ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይሁን አለች። ደላላው ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ “እንዳትነኩት! ‘ፋየር ፕሌስ ያለው’ ሲባል እኮ ዋጋው ሌላ ነው!” ልብ በሉ፤ “ያለው” እንጂ “የሚነድደው” አላለም።

እንደ ወትሮው ያሸነፈው ልጄ ነው። ከፋየር ፕሌሱ በላይ ቴሌቪዥን አሰቀለ። አሁን ዜና የምናየው ጣሪያ ላይ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው አንጋጠን ነው። ሲመሽ ደግሞ ከዩቲዩብ ሰዓታት የሚነድድ እሳት ይከፍትልናል፤ እንጨቱ ሲንጣጣ ሁሉ ይሰማል። ከእውነተኛው ማንደጃ በላይ የውሸቱ እሳት ይንቦገቦጋል። በቀደም እማዬ ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ “ትንሽ ቀንሱት” አለች። ድምፁን ይሁን ሙቀቱን ለመጠየቅ የደፈረ የለም።

እሑድ እሑድ ረከቦቱ የሚዘረጋው ከፋየር ፕሌሱ ፊት ለፊት ነው፤ ለፎቶ ያምራል። የከሰል ምድጃው ደጅ ተቀጣጥሎ ይገባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ እንግዳው ያስላል፣ መስኮት ይከፈታል። ጭስ ማውጫው ከጀርባው አንድ ሜትር ርቆ ይታዘባል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል እየሰማን ዝም ማለት ከብዶኝ፣ ባለፈው እሑድ “ምድጃውን ወደ ውስጥ ገፋ ብናደርገው ጭሱ በዚያው አይወጣም?” አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እማዬ ስኒዋን አስቀመጠች።

“ዕጣኑን ለእርግቦቹ ልታጥንላቸው ነው?”