መሰንቆ በቫርኒሽ እንዴት ይበላሻል?

ከዋንዛ የተጠረበ፣ ቆዳው በወግ የተወጠረ መሰንቆ እጅህ ከገባ ጊዜ አታጥፋ። ከበርና ከመስኮት የተረፈውን የዘይት ቫርኒሽ አምጣ፤ ትናንት በር የቀባህበት ብሩሽም ይበቃል። ቆርቆሮውን ወተት እንደሚናጥበት ቅል ናጠው። አረፋው ከብሩሹ ጋር እንጨቱ ላይ ይወጣና ሲደርቅ ሸካራ ነቁጥ ሆኖ ይቀርልሃል።

የወሎዋ ወረኢሉ ብርድ ቫርኒሽ ያወፍራል፤ ብሩሹ ይጎተታል። ቆርቆሮውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይበቃ ነበር፤ አንተ ግን ማቅጠኛውን አኳራጅ ገልብጥበት። ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ በቁራጭ እንጨት ላይ እየሞከሩ ማቅጠን ሥራ ፈት ሰው የሚያደርገው ነው። አኳራጅ ከጠፋ ነጭ ጋዝ አለ፤ እሱም ከጠፋ ቤንዚን። የሚሸት ሁሉ ያቀጥናል! በመሰንቆው ሳጥን ጎን ሲንዠቀዠቅ ደግሞ “ቀጠነ” ብለህ የተልባ ዘይት ጨምርበት። ዘይቱ ብሩሹን ያለሰልስልሃል፤ ከበዛ ለብዙ ቀን አይደርቅም፤ የአዝማሪው ጣት ሲጣበቅበት ራሱ ያላቅቀው።

ይህ ሁሉ ካልሆነልህ ቆርቆሮውን ከሰል ላይ ጣደው... ተው! ይህንንስ አታድርግ። የአኳራጅ ትነት እሳት ይስባል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅም ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ ክብሪት ሳይነካው በገዛ ሙቀቱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አስጣው፤ ልጆች የሚተኙበት ቤት ነው!

ወደ ምክሬ ልመለስ። ሦስት አራት ጊዜ በስሱ ከመቀባት አንዴ በወፍራሙ ለጥፈህ ተገላገል። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ስለዚህ ላዩ ቶሎ ይጋገራል፣ ሥሩ እርጥብ ይቀራል፣ ከዚያም ይሸበሸባል። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ሲያውጁ እንኳ ለጦሩ እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲደርስ ጊዜ ሰጥተውታል፤ አንተ ግን ለአንድ ቅብ አንድ ሌሊት አትስጥ። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች የጣሊያኑ ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ የሠራቸውን አምስት የአውታር መሣሪያዎች መርምረው ያገኙት ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ዘይትና በላዩ ላይ ሙጫ የገባበት ስስ ቅብ ነበር። ስትራዲቫሪ በከተማው በክሬሞና ተቀምጦ የወረኢሉን ገበያ ቀን ጥድፊያ ምን ያውቃል!

ቆዳውንም አትርሳ፤ ጥግብ አድርገህ ቀባው። ቆዳው እኮ ነው የሚዘፍነው፣ አንተ ሰው! ሲደርቅበት የአምባሰሉም የባቲውም ቅኝት አንድ ዓይነት የታፈነ ድምፅ ይሆናል። ሳትሸፍነው የተውከው የፈረስ ጭራ ላይ ጥቂት ይንጠባጠብ። ደጋኑ መያዝ አቅቶት ሲንሸራተት፣ ጭራው የሚታሽበትን ዕጣን የሸጠልህን ነጋዴ “የማይረባ ሸጥክልኝ” ብለህ ውቀሰው።