ተራራ ለማደብዘዝ ስንት ይከፈላል?

ለፊት ፎቶ ቴሌ ሌንስ የሚመረጠው መልክ ስለሚያሳምር ሳይሆን አንሺውን ስለሚያርቀው ነው። ክንድ ዘርግተው በስልክ ያነሱት አፍንጫ ከባለቤቱ ቀድሞ መካነ ሰላም ከተማ የሚደርሰው በቅርበቱ ነው። ባለ 135 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ፈቀቅ ያደርጋል፤ ርቀት ደግሞ ብራንድ የለውም። ስለዚህ የዛሬ 50 ዓመት የተሠራ፣ በእጅ የሚዞር ርካሽ ሌንስ አስማሚ ቀለበት ተገዝቶለት ሥራውን ይሠራል። ሴንሰሩ ትንሽ ለሆነ ካሜራ የሶቪየቱ ባለ 85 ጁፒተር 9 ይሻላል፤ አለዚያ ባለ 135ቱ እንደ 200 እየጠበበ አንሺውን ከስቱዲዮው አስወጥቶ አስፋልት ላይ ያቆመዋል።

«ያለ አውቶፎከስ እንዴት ይሆናል?» ይባላል። ለእስክስታ በእርግጥ አይሆንም። ለፎቶ የቆሙ ጋሼ ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ባንዲራ የሚሰቀል ይመስል ቀጥ ይላሉ። ዓይናቸውን በስክሪኑ አጉልቶ ቀለበቷን ቀስ አድርጎ ለማዞር ጊዜው ሞልቷል፤ ቸኩሎ የሚያውቀው ካሜራው ብቻ ነው።

ሌላው ክስ «ርካሹ ከጀርባ ያለውን በደንብ አያደበዝዝም» የሚል ነው። ባለ 135ቱ ቀዳዳው (አፐርቸሩ) በ3.5 ተከፍቶ ከበቂ በላይ ያደበዝዛል። ውዱ ባለ 1.4 ሌንስ ሙሉ በሙሉ ሲከፈትማ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ጉም ይገባል። ደግሞስ ምኑን ነው የምናደበዝዘው? ጭላዳ የሚግጥበትን የቦረና ሳይንትን ደጋ? ተራራው በብዙ ሺህ ብር ሌንስ ይጠፋና በምትኩ ከሙሽሮቹ ጀርባ የዱባይ ፏፏቴ የታተመበት ሸራ ይሰቀላል፤ እሱ ግን ጥርት ብሎ ይወጣል።