ለኮአርተም ማን ይመስክርለት

የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። አሶሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወባ ተውሳክን የሕይወት ዑደት በጠመኔ እስላለሁ፤ ከትንኟ ምራቅ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጉበት፣ ከጉበት ተመልሶ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ። ቀስቶቼ ያምራሉ። እኔው ስታመም ግን ቀስቶቹ ሁሉ ከጭንቅላቴ ይጠፋሉ። ብርድ ብርድ ሲለኝ እግሬ የሚያመራው ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ጎረቤት አጥር ሥር ወዳለው የኒም ዛፍ ነው።

ኒምን የማታውቁ የደጋ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ። ቅጠሉን እሸመጥጥና ለዚሁ ብቻ በተለየች ድስት እቀቅለዋለሁ። ድስቷ የተለየችው ባለቤቴ ሳታውቅ ሽሮ ሠርታባት ቤተሰቡ በሙሉ እንትፍ ካለ በኋላ ነው። ውሃው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል። ምሬቱ ምላስ ላይ አይቆምም፤ ጆሮ ግንድ ድረስ ይዘልቃል። አንዱን ኩባያ በአንድ ትንፋሽ እጨልጥና ቤተሰቡ እንዲያየኝ ፊቴን እንዳጨማደድኩ ትንሽ እቆያለሁ። ምሬት ለእኔ ማስረጃ ነው። ያን ያህል ተሰቃይቼ መድኃኒቱ ሳይሠራ ይቀራል ማለት ግፍ ይመስለኛል።

ደግሞም በማግሥቱ ድኜ እነሳለሁ። ቀልድ አይደለም፣ በእውነት እነሳለሁ፤ ላቡ ደርቋል፣ ራስ ምታቱ ለቋል፣ ፍርፍሩ ይጥመኛል። መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ ስለ ኒም የምመሰክረው በዚህ ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሲያንቀጠቅጠኝ ቤቴ ተኝቻለሁ፤ ስለዚህ ምስክርነቱን የሰሙት ሰዎች ውድቀቱን አያዩም። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ቀይ የደም ሕዋሳትን እያፈነዳ የሚወጣው በየ48 ሰዓቱ ነው። ትኩሳቱ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን የሚያርፈው ለዚህ ነው። በዕረፍቱ ቀን ኒም የጠጣ በኒም ይድናል፣ ጠበል የጠጣ በጠበል ይድናል፣ ምንም ያልጠጣም ይድናል። ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ የፈተና ጥያቄም አወጣበታለሁ። ተማሪ ቢስተው ነጥብ እቀንሳለሁ።

እናቴ ጓሮ ያለው ዳማከሴም እንዲሁ ስም አትርፏል። ምች መታኝ ስል ቅጠሉ ይታሻል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ የቀረው ግንባሬ ላይ ይለቀለቃል። ከሳምንት በኋላ ከንፈሬ ላይ የወጣው ቁስል ይደርቃል። ሳይታሽም ቢሆን በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ይደርቅ ነበር። ግን የእናት እጅ ግንባር ላይ ሲያርፍና ያ ሽታ ቤቱን ሲሞላው ደስ ይላል፤ ለታመመ ሰው ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ወላጆቼ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። የደጋ ሰው ሰውነት ወባን አያውቀውምና በሽታው ሰፋሪውን ክፉኛ ፈጅቶታል። ወሎዬነት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ እናቴ ክርስቲያን ናት፣ አጎቴ ሙስሊም ነው። ስታመም በአንድ በኩል ጠበል በጀሪካን ይመጣል፤ በሌላ በኩል አጎቴ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሶ ያመጣና ከሞት በቀር ለሁሉም ደዌ መድኃኒት መሆኑ በሐዲስ እንደተነገረ ያስታውሰኛል። በርታው ጎረቤታችን ደግሞ ዱዓ አድርገውልኝ ይሄዳሉ። እኔ ሁሉንም እቀበላለሁ። ይህን ለረጅም ጊዜ መቻቻል እለው ነበር፤ ለካ ስስት ነው።

መጨረሻ ላይ፣ ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ፣ ባለቤቴ ባጃጅ ጠርታ ጤና ጣቢያ ትወስደኛለች። አንድ ጊዜ ቫይቫክስና ሌላ ዓይነት ወባ አብረው ተገኙብኝና ኮአርተም የሚባለው የወባ ኪኒን ተሰጠኝ፤ 24 ፍሬ፣ አራት አራቱ ጧትና ማታ፣ ለሦስት ቀን። ነርሷ የድሮ ተማሪዬ ናት።

«ቲቸር፣ ቅባት ያለው ነገር ይብሉበት» አለችኝ።

«ጾም ነው» አልኳት።

«ለውዝም ጾም ነው እንዴ? አሶሳ ላይ ለውዝ ይጠፋል?»

ልክ ነበረች። ኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ፣ ሉሜፋንትሪን፣ ያለ ቅባት ወደ ደም የሚገባው በጣም በጥቂቱ ነው። አንድ ጭብጥ ለውዝ ከደጄ እየተሸጠ እኔ ኪኒኑን በባዶ ሻይ ዋጥኩት። ሁለተኛው ቀን ላይ ሲሻለኝ ደግሞ ተውኩት። የተረፈው ፍሬ መሳቢያ ውስጥ ለክፉ ቀን ተቀመጠ፤ ክፉው ቀን ሲደርስ፣ ሳልመረምርና ሳላስመረምር፣ ራሱን ላመመው ጎረቤቴ በቸርነት ሰጠሁት። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ኮአርተም የዞረችው ፋንሲዳርን ተውሳኩ ስለለመደው ነው። በግማሽ የተዋጠ መድኃኒት ለተውሳኩ መለማመጃ ነው፤ እኔም ባቅሜ አለማምጄዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ተይዞ 1,157 ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት ሲያስታውቅ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ስለ መንግሥት ዝግጅት ማነስ ረጅም ንግግር አድርጌያለሁ። ስለ መሳቢያዬ አላነሳሁም።

ያዳነኝ ምንድነው ተብዬ ስጠየቅ ታዲያ መልሴ ኒም ነበር። በየመሀሉ እሱንም እጠጣ ነበራ! ኮአርተም ምን የሚወራ ነገር አለው? በነጻ ይሰጣል፣ ምስጢር የለውም፣ አወሳሰዱ ፓኬቱ ላይ በሥዕል ተቀምጧል። በእሱ ድኜ ማን ሊያደንቀኝ ነው? ኒሙን ግን የቀጠፍኩት እኔ፣ የቀቀልኩት እኔ፣ የመከርኩትም እኔ። ሰፈር ውስጥ «ዶክተር» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ አንድም ቀን አላረምኳቸውም።

ሲሞግቱኝ የማመጣት ሴት አለችኝ፤ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል የተሸለመችው ከአሪቲ ዘመድ፣ ከአርቴሚሲያ ቅጠል፣ አርቴሚሲኒንን በማውጣቷ ነው፤ ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተርም የሚሠራው ከዚሁ ነው። «ቅጠል አይደለም እንዴ?» ብዬ እቀመጣለሁ። ቀሪውን አላወራም። የቱ ዩዩ ቡድን ከ2,000 በላይ የባህል መድኃኒት ቅመማዎችን ሰብስቦ ከ380 በላይ ጭማቂዎችን አይጥ ላይ ሞክሯል፤ አብዛኛው ዋጋ አልነበረውም። አርቴሚሲያውም አንዴ ሲሠራ አንዴ ሲከሽፍ ከቆየ በኋላ፣ ጌ ሆንግ የተባለ የአራተኛው መቶ ዘመን ሐኪም በጻፈው መጽሐፍ ላይ ቅጠሉ በውሃ ተነክሮ ይጨመቅ የሚል አገኘች። ይቀቀል አይልም። ሙቀት ሳያጠፋው አይቀርም ብላ ጠረጠረች፤ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1971 ናሙና ቁጥር 191 አይጦቹ ላይ የነበረውን ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጸዳው። ለበሽተኛ ከመሰጠቱ በፊትም ራሷ ዋጠችው። እኔ በበኩሌ ድስቴን እስኪጠቁር አፈላለሁ። የምርምሬ አይጥ አንድ ነው፤ እሱም እኔው ነኝ፤ ያውም ኮአርተም ደብቆ የዋጠ አይጥ።

ተመራማሪውን ዶክተር አክሊሉ ለማንም አልማርኳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብለው የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ማየታቸውን፣ በዚያም የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎችን መግደያ መንገድ ማግኘታቸውን ደጋግሜ እጠቅሳለሁ። ሊቁ ከዚያ በኋላ ያን ሁሉ ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ሲለኩ መኖራቸውን፣ እንዶዱም ቀንድ አውጣ የሚገድል እንጂ ሰው የሚጠጣው አለመሆኑን ግን እዘለዋለሁ። ኮሶንም እንዲሁ፤ ትሉን እንደሚያስወጣ እናገርና መጠኑ ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋ እረሳለሁ።

አዎንታዊ አስተሳሰብ እኔ ዘንድ የደረሰው በሥልጠና መልክ ነው፤ ከሻይ ዕረፍትና ከውሎ አበል ጋር። ከዚያ ወዲህ መስታወቴ ላይ «ጤነኛ ነኝ፣ ብርቱ ነኝ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወባ በያዘኝ ጧት ፊቱ ቆሜ አነበብኩት፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ «ጤ-ጤ-ጤነኛ» ላይ ቀረሁ። ልጄ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከክፍሉ ወጣች።

ጨርሶ ከንቱ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የአስም ጥናት ድኛለሁ ብሎ ማመን የሚችለውንና የማይችለውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሕመምተኞቹ አንዴ እውነተኛ የሚነፋ መድኃኒት፣ አንዴ ባዶ መንፊያ፣ አንዴ የይስሙላ የመርፌ ሕክምና ተሰጣቸው፤ አንዴ ደግሞ ምንም ሳይደረግላቸው ቆዩ። ምን ተሰማችሁ ሲባሉ በሦስቱም ሕክምናዎች በእኩል ደረጃ ተሽሎናል አሉ። ትንፋሻቸው በመሣሪያ ሲለካ ግን በእውነተኛው መድኃኒት 20 በመቶ ተሻሽሏል፤ በሌሎቹ፣ ምንም ሳይደረግ የቆየውን ጊዜ ጨምሮ፣ 7 በመቶ ገደማ። ሰውየው አልዋሸም፤ ሳንባው ግን ሌላ ይናገራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተጠየቅሁት ሰውየው ነኝ፤ የሳንባውን ወገን ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ሥልጠናውን በወሰድኩ ሰሞን ንብረት ክፍላችን ያለውን ሰው መከርኩት። ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ጠመኔ ልወስድ ሄጄ ሞዴል 22 ሲሞላልኝ፣ «ጋሼ፣ በሽታው ያለው እኮ አእምሮ ውስጥ ነው፤ ድኛለሁ ብለው ይመኑ» አልኩት። ቀና ሳይል ፊርማዬን የማኖርበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝና፣

«እኔስ እሺ፣ ልመን። ቆሽቴን በምን ላሳምነው፣ ቲቸር?» አለኝ።

ከጥፋቶቼ ሁሉ የማያስቀኝ ይሄ ነው። ለታመመ ሰው ድኛለሁ ብለህ እመን ማለት፣ ካልዳንክ ጥፋቱ የአንተ ነው ማለት ነው። ሕመሙ ሳያንሰው ክስ ጨመርኩበት። ቆይቼ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት አገኘሁ፤ የራስና የአንገት ካንሰር የያዛቸው 1,093 ሰዎች ተጠንተው፣ መንፈሳቸው የበረታውም የወደቀውም በዕድሜ ርዝመት ልዩነት አልነበራቸውም። ጥናቱን አትሜ ልሰጠው ፈልጌ ነበር። አፈርኩና ተውኩት፤ አሁን ጠመኔ የማስወጣው በተማሪ ነው።

እምነትን በተመለከተ ከሁሉ የባስኩ ነኝ፤ ነጋዴ ነኝና። አንድ ሌሊት ትኩሳቱ ሲበረታ ለቅዱስ ሚካኤል ጃንጥላ ተሳልኩ፤ ባለ ወርቅ ዘርፉን። ስነሳ ገበያ ወጥቼ ዋጋ ጠየቅሁ። ኒም እንዳዳነኝ ፍጹም እርግጠኛ የሆንኩት ዋጋውን ከሰማሁ በኋላ ነው።

እናቴ እንዲህ ያለ ሒሳብ አታውቅም። ጠበሏን ታጠጣኛለች፣ ኪኒኑንም በሰዓቱ ዋጥ ትለኛለች። ቤተ ክርስቲያን የምትስም አንዲት ጎረቤቷ በጠበል ብቻ እድናለሁ ብላ የኤች አይ ቪ መድኃኒት አቋርጣ ስትሞት አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም፣ ሁለቱንም ውሰዱ ማለታቸውን እስካሁን ታነሳለች፤ በዚያን ዘመን እንጦጦ ማርያም ጠበል የሄዱ ብዙዎች መድኃኒታቸውን ትተው ነበር። የሥነ ሕይወት ዲግሪ ያለኝ እኔ ነኝ፤ ኪኒን የማታቋርጠው ግን እሷ ናት።

አንድ ጊዜ በሳይንስ ልረታት ሞክሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 1,802 ሰዎች የተሳተፉበት። እንደሚጸለይላቸው በእርግጠኝነት የተነገራቸው ሰዎች 59 በመቶው፣ እየተጸለየላቸው መሆኑን ሳያውቁ ከቆዩት ደግሞ 52 በመቶው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ችግር ገጠማቸው። ይህን በደንብ አስረድቻት «ስለዚህ እማ፣ ስትጸልዪልኝ አትንገሪኝ» አልኳት።

«ለአንተ መቼ ነግሬህ አውቃለሁ? የምነግረው ለሱ ነው።»

በቅርቡ ደግሞ የስለቱን ነገር አነሳችብኝ። ጃንጥላው የታለ? ኒም ነው ያዳነኝ ልላት አልቻልኩም፤ ድስቱን ታውቃለች። አእምሮዬ ነው ብላት መስታወቱ ፊት ስንተባተብ የልጅ ልጇ ነግራታለች። ሌላ መውጫ ሳጣ፣ «እማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያዳነኝ ኮአርተም ነው» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮአርተም መሰከርኩ፤ ያውም ከዕዳ ለማምለጥ።

እናቴ የቡና ስኒዋን አስቀመጠች።

«ጎሽ፤ እንግዲያው ጃንጥላውን ለኪኒኑ ግዛለት» አለችኝ።